ለሳልህ ያዋስኩት ኮት

እኔ ሸሪፍ ነኝ፤ ጀውሃ ገበያ ሃያ ዓመት ልብስ የሰፋሁ። ስለ ጎረቤቴ ስለ ሳልህ የማወራው ስላዘንኩ ብቻ አይደለም፤ እስከ ዛሬ ስለሚያናድደኝ ነው።

ሳልህ የአሊዩ አምባ ነጋዴ ልጅ ነበር። የአባቱ ግመሎች አልቀው እሱ ከመኪና ላይ ጆንያ እያወረደ ነው የሚኖረው። ኩራቱን ግን ማን ይወስድበታል? እኛ ዘንድ ቡትቶ ለብሶ ሸንጎ ፊት መቅረብ ሰውን መናቅ ነው። ተውሰህም ቢሆን ትለብሳለህ።

በሰባ ሰባት ልጁን ናፊሳን ወባ ጣላት። ስምንት ዓመቷ ነው። ጤና ጣቢያው "የነፃ ሕክምና ወረቀት አምጣ" አለው። ድሮ ወረቀቱን የሚሰጠው የቀበሌያችን ሊቀመንበር ነበር፤ ጎረቤት ይመሰክራል፣ ማህተም ይመታል፣ አለቀ። በዚያ ዓመት ግን "ለዘመድ እየሰጣችሁ ነው" ተባለና አዲስ ደንብ መጣ። ከላይ የተላከ ኮሚቴ ችግረኛውን በዓይኑ አይቶ ይወስናል። ምስክር የለም። ድንቄም ኮሚቴ!

ሳልህ በማለዳ ሱቄ መጣ።

"ሸሪፍ፣ ኮትህን አውሰኝ። መንግሥት ፊት እንዲህ ሆኜ አልቆምም።"

የዒድ ኮቴን አወጣሁለት። እጅጌው ስለረዘመበት አጠፍ አድርጌ ሰፋሁለት። ወላሂ፣ ደስ ብሎኝ ነው የሰጠሁት!

የኮሚቴው ሰብሳቢ ታደሰ የሚባል ሰው ነው። ሳልህን ከላይ እስከ ታች አየው።

"ጓድ፣ እንዲህ ዓይነት ኮት እኔም የለኝም። አንተ መክፈል ትችላለህ። ተረኛ!"

"ኮቱ የኔ ነው!" ብዬ ከኋላ ጮህኩ። ምስክር አያስፈልግም ብሎ አስወጣኝ። ሳልህ ደግሞ ልብሴ የውሰት ነው ብሎ ሰው ፊት ከሚናገር ሞቱን ይመርጣል። የሞተችው ግን ናፊሳ ናት። ለመድኃኒቱ ገንዘብ ከሰፈሩ እስክናሰባስብ በሦስተኛው ቀን አረፈች። ኢና ሊላሂ! እናቷ ዙሀራ ኮቱን አጥባ፣ አጣጥፋ መለሰችልኝ። ከዚያ ወዲህ ለብሼው አላውቅም።

በዓመቱ ታደሰ ራሱ ያመጣውን ደንብ ራሱ ሊገመግም መጣ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ! አዳራሽ ሰብስቦን "የነፃ ወረቀት ጠያቂ በግማሽ ቀንሷል፤ ደንቡ ሠርቷል" እያለ አነበበልን። አጨብጭቡ ተባልን፣ አጨበጨብን። ማን ወረቀት ይጠይቅ? ሰዉ ተስፋ ቆርጦ ቤቱ ተኝቶ!

ሳልህ ያን ቀን ኮት አልጠየቀኝም። ጆንያ የሚያወርድበትን ቡትቶ እንደለበሰ ከበሩ አጠገብ ቆሟል። ታደሰ አየውና በጣቱ ጠቆመ።

"ይኸው! ነፃ ሕክምና የሚገባው እንዲህ ያለው ሰው ነው። ጓድ፣ አንተ አምና ለምን አልመጣህም?"

"መጥቼ ነበር" አለው ሳልህ። "ያን ቀን የሸሪፍን ኮት ለብሼ ነበር።"