የታረደበት ቀን

ያኔ በዑማን ዋና ከተማ በማስካት፣ ዋዲ ከቢር ሰፈር ውስጥ ነስረዲንን የማያውቅ ሐበሻ አልነበረም፤ ወላሂ አልነበረም! ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ለአንድ ስጋ አስመጪ ሲሠራ፣ ከአገር ቤት በአውሮፕላን የሚመጣውን የፍየል ስጋ የጤና ምስክር ወረቀት ይዞ ከኤርፖርት ቢሮ፣ ከቢሮ ኤርፖርት የሚሮጠው እሱ ነበር። ማኅተሙን በጣቱ ዳብሶ ያውቀዋል። የኤርፖርቱ ዘበኞች «አቡ ወረቃ»፣ የወረቀት አባት ሲሉት ደስ ይለው ነበር።

ከዚያ ኤፍራታ መጣች። የተማረች፣ በኮንትራት የተቀጠረች፣ ሃያ ስድስት ዓመት እንኳ ያልሞላት ልጅ። ምስክር ወረቀቱ ከእንግዲህ በኮምፒዩተር ይላክ ተባለና፣ የሱን የቀን ሙሉ ሩጫ እሷ ቁጭ ብላ በአምስት ደቂቃ ትጨርሰው ጀመር። አለቃቸው አብዱልጀሊል ጠዋት ሲገባ ሰላምታው ለእሷ፣ ሻዩ ለእሷ! የነስረዲን አንጀት አረረ። እኔ በፀሐይ ስቃጠል ይቺ የት ነበረች?

አንድ ረቡዕ ጠራችው።

«ጋሽ ነስረዲን፣ ሳልልከው በፊት እስቲ አንዴ እዩልኝ።»

አየ። ፍየሉ የታረደበትን ቀን ከላኪው የእጅ ጽሑፍ ላይ እንዳለ ገልብጣ፣ ዓመቱን 2009 ብላዋለች። በእኛ አቆጣጠር ልክ ነው፤ የሐበሻ ዓይን ዝም ብሎ ያልፈዋል። በፈረንጅ አቆጣጠር ለሚያነቡት ለማስካቶቹ ግን ፍየሉ ከታረደ ሰባት ዓመት አልፎታል ማለት ነው። አገኘኋት! አለ በልቡ።

«ምንም አይልም፤ ያላ፣ ላኪው» አላት።

ስጋው ኤርፖርት ላይ ተያዘ፤ በሦስተኛው ቀን ተጣለ። አብዱልጀሊል ቢሮውን በጩኸት አናጋው። «ኻላስ! ቅዳሜ ወደ አገርሽ!»

እሷ ከመጣች በኋላ ከአገር ቤት ወደ ዓረብ አገር ሠራተኛ መላክ ታግዶ ነበር፤ በዚያን ጊዜ አንዴ ከዑማን የወጣ መመለሻ እንደሌለው ሁሉም ያውቅ ነበር። ኤፍራታ እንባዋ እየወረደ «ጥፋቱ የኔ ነው» ከማለት በቀር ሌላ አልተናገረችም። ጋሽ ነስረዲን አይተውልኝ ነበር አላለችም።

ይሄ ደግሞ ጨርሶ አናደደው። በደግነቱም ቀደመችኝ! አፉ ሳያስበው ተከፈተ።

«አሳይታኛለች። ስህተቱን እያየሁ ነው ላኪው ያልኳት።»

«ለምን?» አለ አብዱልጀሊል።

«ቀንቼባት።»

ኤፍራታ እዚያው ሥራዋ ላይ ቀረች። እሱ ከቢሮ ወጥቶ ማቀዝቀዣ ክፍል ስጋ ተሸካሚ ሆነ። እሷ ዛሬም ሳትልክ በፊት ታስጠራዋለች፤ ጓንቱን አውልቆ ይመጣና ቀኑን አንድ በአንድ ያይላታል። አብዱልጀሊል በዚያ ሲያልፍ «ማሻአላህ፣ ኤፍራታ!» ይላል። ነስረዲንም እዚያው አጠገቧ ቆሞ እንደ አዲስ ይቀናል።