ኢሳያስ ፒንሳና ባለሁለት ራሱ ገመድ

አላምንም። እስካሁን አላምንም። ጠዋት የኤሌክትሪክ ዕቃ ሱቄ በር ላይ ቆሞ «ናስትሮ አለሽ ወይስ እኔም እንደ ደንበኞችሽ ሽቦ በፌስታል ልጠቅልል?» ብሎ የሳቀብኝ ሰው፣ ረፋድ ላይ በአንሶላ ተጠቅልሎ ሲወጣ አየሁት።

ጋሽ ኢሳያስ ሞተ። ኤሌክትሪክ ገደለው።

ለማታውቁት፦ ኢሳያስ እዚህ ሚዛን ከተማ የሰውን ቤት መስመር ሲዘረጋ የኖረ ኤሌክትሪሻን ነው። ሰፈሩ «ኢሳያስ ፒንሳ» ይለዋል። ያላማረውን ገመድ ካየ ባለቤቱን ሳያስፈቅድ በፒንሳ ቀርጥፎ ይጥላላ! ቁጡ ነበር። ተሳዳቢም ነበር። ዛሬ ሞተ ብዬ ገራም አላደርገውም።

አንዴ ገመድና ብሬከር ላደርስ ሸኮ ድረስ አብሬው ሄድኩ። አንድ ነጋዴ «የመጋዘኔ አምፖል ብልጭ ድርግም ይላል» ብሎ ጠርቶት ነው። ሽቦው ጣውላው ላይ በሚስማር ተመትቷል። የተቀጠለበት ቦታ በፌስታል ታስሯል፣ እርጥብ የቡና ጆንያ ተደግፎበታል።

ኢሳያስ ብሬከሩን አወረደ፣ በቴስተር ፈተሸ፣ ከዚያ ሽቦውን በሁለት እጁ ይዞ ከነሚስማሩ ይነቅለው ጀመር። ጣውላው እየተሰነጠቀ ይረግፋል። ነጋዴው «ንብረቴን!» ብሎ ቡና በሚያገላብጥበት እንጨት አናቱን አለው። ደሙ ዓይኑ ውስጥ ገባ። ኢሳያስ በክንዱ ጠርጎ መንቀሉን ቀጠለ። ሲጨርስ ሰውየውን ማጅራቱን ያዘና ፊቱን የተቃጠለው ጣውላ ላይ ደፈቀው።

«አሽትተው! ልጆችህ እዚህ ጆንያ ላይ አይደለም የሚጫወቱት? መብራት ሽማግሌ አይቀበልም!»

ይቺን ከአፉ ያልሰማ የለም። ሰው ቢጣላ፣ ቢፈነካከት፣ ሽማግሌ ገብቶ ያስታርቃል። መብራት ግን እግሩ ላይ ድንጋይ ተሸክመህ ብትወድቅም አይሰማህም፣ ይል ነበር።

ወደ ዛሬው ልምጣ። ፊደል ብስት እለፉኝ።

ፀጉር አስተካካዩን ተሾመን ሰፈሩ ሁሉ ያውቀዋል። ከሱቁ ጓሮ ያለው ቤት የራሱ ቆጣሪ የለውም፣ እንደ ብዙዎቻችን መስመር የሳበው ከጎረቤት፣ ከተሾመ ነው። ኢሳያስ የተጠራው እዚያ ቤት ኮርኒስ ውስጥ የላላ ሽቦ ሊያስተካክል ነው። መብራት ከጠዋት ጀምሮ በከተማው የለም። እሱ ግን «ጠፍቷል» ተብሎለት ሽቦ የሚነካ ሰው አይደለም። ውጭ ያለውን የተሾመን ብሬከር አወረደ፣ ሽቦውን ፈተሸ፣ ኮርኒሱ ላይ ወጣ።

ተሾመ ቁርሱን በልቶ ሲመጣ ደንበኛ በር ላይ ይጠብቀዋል። ጓሮ ሰው መኖሩን የነገረው የለም። ገመዱን ሰክቶ ጀነሬተሩን አስነሳ። ገመዱ በሁለቱም ጫፍ ወንዴ ሶኬት ያለው ነው፤ አንዱ ራስ ጀነሬተሩ ላይ፣ ሌላው ግድግዳው ላይ ይሰካል። ያኔ ኤሌክትሪኩ ከግድግዳው ወደ ኋላ ገብቶ የቤቱን መስመር በሙሉ ያዳርሳል። ብሬከሩ ወረደ አልወረደ ለውጥ የለውም፤ እሱ የሚዘጋው ከቆጣሪው የሚመጣውን ብቻ ነው። የጓሮው ቤት ሽቦ ኢሳያስ እጅ ላይ ነፍስ ዘራ።

ጩኸቱን ሱቄ ሆኜ ሰማሁት። ስንደርስ ኮርኒሱን ቀዶ ወድቋል፣ ሁለቱም መዳፉ ጠቁሯል።

ከዚያ ጎረምሶች መጡ። የተሾመን መስታወት በድንጋይ አረገፉት። እሱን በእግሩ ጎትተው አስፋልቱ ላይ ጣሉት፣ በገዛ ወንበሩ ፈነከቱት። «ገዳይ!» ይላሉ። ፖሊስ ነው ከእጃቸው ያወጣው። ቤቱን እናቃጥላለን የሚሉ አሁንም አሉ፤ ሚስቱና ልጆቹ ውስጥ ናቸው። እኔ በሬ ላይ ቆሜ አየሁ።

ገመዱን የሠራሁለት እኔ ነኛ።

መብራት በጠፋ ቁጥር ሰው ይጠይቀኛል፣ እኔም ሠርቼ እሸጣለሁ። ባለፈው ክረምት ኢሳያስ እንዲህ ያሉ አራት ገመዶች ባንኮኒዬ ላይ ተደርድረው አየ። አራቱንም ቆራረጣቸው። ባንኮኒውን በቡጢ ሲለው መስታወቱ ተሰነጠቀ፣ እጁ ደማ።

«አንቺ ሬሳ ነው የምትሸጪው! ጀነሬተር ያለው ሰው ቼንጅ ኦቨር፣ የመስመር ማቀያየሪያ፣ በባለሙያ ያስገጥም። አንዱን ሳይቆርጥ ሌላውን አያገናኝም፤ ጀነሬተሩም በብሬከሩ በኩል ያልፋል። እሱን ሽጪ!»

«ምቀኛ» አልኩት። «እንጀራዬን አትንካ፣ ውጣልኝ!» አልኩት። ገና ከደጃፉ ሳይርቅ ካቻቢቴዬን አንስቼ ሌላ ገጠምኩ። ተሾመ የወሰደው ያንን ነው።

ስለዚህ ድንጋይ የያዛችሁ ልጆች፣ ስሙኝ። ተሾመ አላወቀም። እኔ ተነግሮኝ ነበር። መስበር ካማራችሁ የኔም ሱቅ መስታወት አለው። የሰውየውን ልጆች ተዉ!

ከእኔ የገዛችሁ በሙሉ፣ መጀመሪያ ጀነሬተሩን አጥፉ፣ ከዚያ ገመዱን ንቀሉና ቆራርጣችሁ ጣሉት። ከግድግዳ የተነቀለው ጫፍ ጀነሬተሩ ካልጠፋ ራሱ ይገድላል።

ይህን ከመጻፌ በፊት የኢሳያስ ባለቤት አስቴር ጋ ሄጄ ተናግሬአለሁ። በጥፊ መታችኝ። ደገመችኝ። ከዚያ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ተነሳችና የተሾመ ቤት በር ላይ ሄዳ ተቀመጠች። «የሚያቃጥል በእኔ ላይ ይለፍ» ብላለች። ለቀስተኛው አሁን እዚያ አስፋልቱ ዳር ተቀምጧል።

ጋሽ ኢሳያስ፣ ነገ እንቀብርሃለን። ከቀብር መልስ ሱቁን ዘግቼ ፖሊስ ጣቢያ እሄዳለሁ፣ ቃሌን እሰጣለሁ። ይቅር በለኝ አልልህም። ይቅር የሚለውን አፍህን እኔው ዘግቼዋለሁ። ደህና ሁን፣ ጋሼ።