ያቺ አንድ ሰዓት ብርሃን

ልጄ አራት ዓመት ሊሞላት ጥቂት ሲቀራት፣ እኔ እስራኤል ውስጥ፣ ከአሽቀሎን ከተማ ወጣ ብሎ ባለ አትክልት ማሸጊያ ውስጥ እሠራ ነበር። የፋብሪካው አውቶብስ ሰፈራችን ግቫት ጺዮን የሚያደርሰኝ ከምሽቱ በአስራ ሁለት ሰዓት ነው። ልጄን ከጋን፣ ከመዋዕለ ሕፃናቷ፣ የምታወጣት የባሌ እህት ነበረች። እሷ ትምህርት ቤት ስለምታጸዳ ቀትር ላይ ትጨርሳለች፤ ልጅም የላትም። ውለታዋን አልክድም። ግን አልወዳትም ነበር። ልጄን ስለምትወድብኝ አልወዳትም ነበር።

በጋው ደግ ነው። ከአውቶብስ ስወርድ ፀሐይዋ ገና ከባሕሩ በላይ ናት። በቀጥታ ከሕንጻችን ጀርባ ወዳለው መጫወቻ እሄዳለሁ፤ ልጄ "ኢማ!"፣ እማዬ፣ እያለች ትመጣለች፤ የባሌ እህት ቦርሳዋን አንስታ ትሄዳለች። ዥዋዥዌውን የምገፋው እኔ፣ አሸዋውን ከጫማዋ የማራግፈው እኔ። ያቺ አንድ ሰዓት የኔ ነበረች።

ከዚያ መስከረም ይመጣል። በዚያ ዘመን አገሩ ለበጋ ወደ ፊት የገፋውን ሰዓት በአንድ ሰዓት ወደ ኋላ የሚመልሰው ገና ሙቀቱ ሳይበርድ፣ ከአስተስርዮ ጾም በፊት ነበር፤ ጾሙ በጊዜ እንዲፈታ ብለው። በየዓመቱ ሬዲዮው ይጨቃጨቃል፤ አንዱ መብራት ባከነ ይላል፣ ሌላው የጠዋት ጸሎት በጊዜው ይድረስ ይላል። የሰንበት ምሳ ላይ ነገሩ እኛም ቤት ተነሣ።

"ደግ አደረጉ፤ ጾም በጊዜ ሲፈታ ሰውም ይበረታል" አሉ የባሌ አባት።

"አባባ፣ ጾሙ እንደሆነ ያው ጾም ነው። ሰዓቱን ስለመለሱት ፀሐይዋ ቀድማ አትጠልቅ!" አልኩ።

"ታዲያ አንቺን ምን አንገበገበሽ?"

ምን ልበል? "ባይመልሱት መብራት ይቆጥባል" አልኩ።

ባሌ ሳቀብኝ። "አንቺ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው ለመንግሥት መብራት ማሰብ የጀመርሽው?"

የባሌ እህት ቀና እንኳ አላለችም። ጭኗ ላይ የተቀመጠችውን ልጄን ዳቦ እየቆረሰች ታጎርሳታለች። እኔ እናቷ እዚያው ተቀምጬ!

ሰዓቱ ተመለሰ፤ ምሽቱም በአንድ ሰዓት ቀደመ። በማግስቱ ስደርስ ጨልሟል፤ መጫወቻው ውስጥ ሰው የለም። ቤት ስገባ ልጄ ታጥባ፣ ፒጃማዋን ለብሳ፣ እራቷን በልታለች። "ዛሬ ምን ስትሠሪ ዋልሽ?" ስላት "ከዶዳ ጋር" ትለኛለች። ዶዳ አክስት ነው። ከዶዳ ጋር ወፍ አየን፣ ከዶዳ ጋር አሸዋ ቆፈርን። ኧረ የፈጣሪ ያለህ! ክረምቱን ሙሉ ዶዳ፣ ዶዳ፣ ዶዳ። ብርሃኑ ሁሉ ለዶዳ፣ ለኔ "ተኚ" ማለት ብቻ። ቅናት ነው፣ ሌላ ስም የለውም። አለቃዬን ትንሽ ቀደም ብዬ ልውጣ ብዬ ብለምነው "ከፈለግሽ ለሁልጊዜው ውጪ" አለኝ። ክነሴት፣ ፓርላማው ውስጥ፣ ተቀምጠው ሰዓት የሚያዞሩትን ሰዎች ከልቤ ረገምኳቸው።

ለፋሲካ ሰሞን ሰዓቱ ወደ ፊት ተገፋ። የዚያን ዕለት እጄ ሥራ አልይዝ አለኝ። አውቶብሱ ሳይቆም በሩ ላይ ቆሜያለሁ። ስወርድ አገሩ ሁሉ ብርሃን! ሰው ምን ይለኛል ሳልል ሮጥኩ። ልጄ ዥዋዥዌው ላይ ናት፤ የባሌ እህት ትገፋታለች።

"መጣሁልሽ የኔ ቆንጆ!" አልኩ እጄን ዘርግቼ።

ልጄ አየችኝ፤ ቀጥላ ሰማዩን አየች።

"ኢማ፣ ገና አልጨለመም እኮ!" አለችኝ በዕብራይስጥ። "አንቺ ሲጨልም አይደል የምትመጪው? ሂጂ!"

የባሌ እህት ደነገጠች። "ኧረ ነውር ነው፣ እናትሽ እኮ ናት" ብላ ልታወርዳት ስትል ልጄ ሰንሰለቱን ጨብጣ እሪ አለች። ያቺ ሴት ብትስቅብኝ ይሻለኝ ነበር፤ ተጣልቻት ይወጣልኝ ነበር። እሷ ግን ለኔ አዝና ዓይኗ እንባ ሞላ።

"ተያት፣ ግፊያት" አልኳት። አግዳሚው ላይ ቁጭ አልኩና እስኪጨልም ጠበቅሁ።