የእትዬ ደባሽ ልክ

ኦሻራት ከእትዬ ደባሽ ጋር የተዋወቀችው ካርቶን ለብሳ ነው። ከውትድርና ከተሰናበተች ገና አራት ወሯ ነበር፤ ሰጉላ በሚባለው የፋብሪካ ሰፈር ካሉት መጋዘኖች ባንዱ ዕቃ ታሽጋለች። አንድ ቀን ከባድ ሣጥን ላንሣ ብላ ጎንበስ ስትል የሱሪዋ ዚፕ ተተረተረ፤ የኋላ ስፌቱም ተከትሎት ሄደ። የሥራ ጓደኞቿ በሳቅ ሲንፈራፈሩ፣ እሷ የማቀዝቀዣ ካርቶን ከላይና ከታች ቀዳ እንደ ቀሚስ አጠለቀችና ከመንገዱ ማዶ ወዳለው ስፌት ቤት እየተንገዳገደች ገባች።

እዚያ ሃያ ስምንት ዓመት ሙሉ ከአንዲት የስፌት መኪና ፊት ያልተነሡ ሴት ነበሩ። እትዬ ደባሽ ይባላሉ። ቁመታቸው ከመኪናዋ ብዙም አይርቅ፤ በወርድ ግን የሚወዳደራቸው የለም። ልጅቱን ከነካርቶኗ ከላይ እስከ ታች አዩዋትና፣

«የምሰፋልሽ ካርቶኑን ነው ሱሪውን?» አሉ።

ሱሪውን ተቀብለው ጫፉን ገልበጥ ሲያደርጉ ግን ፊታቸው ተለወጠ።

«ይኸን የዘመዘመው ማነው?»

«እኔ ነኝ።»

«በእጅሽ ነው በእግርሽ?»

ኦሻራት ሳቀች። ከልጅነቷ ጀምራ የእናቷን መጋረጃ እየቀደደች እንደምትሰፋ፣ ዲዛይነር መሆን እንደምትመኝ፣ ያስተማራት ሰው ግን እንደሌለ እዚያው ካርቶኗ ውስጥ እንደቆመች ነገረቻቸው። እትዬ ደባሽ ክሩን በጥርሳቸው በጠስ አደረጉ።

«ነገ ከሥራ ስትወጪ ነይ» አሏት። «ሱሪ ለብሰሽ ነይ።»

ነገም መጣች፣ ከነገ ወዲያም መጣች፤ እንዲህ ስትመላለስ ሦስት ዓመት ሆናት። እትዬ ደባሽ ሲያስተምሩ ጎበዝ ማለት አያውቁም። የተጣመመ ስፌት ካዩ «ይኸ መንገድ ወዴት ያደርሳል?» ይላሉ። ኦሻራት ሁለቱንም እጅጌ የግራ አድርጋ የሰፋች ዕለት ሸሚዙን ከፍ አድርገው «ይኸ ሰው ቀኝ እጁን የት ጥሎት መጣ?» እያሉ ስፌት ቤቱን ዞሩበት። ግን ፈትታ ደግማ እስክትሰፋው አጠገቧ ተቀምጠው ይጠብቃሉ፤ ወደ ሰፈራቸው ወደ አሚሻቭ የሚወስዳቸው አውቶቡስ ሁለቴም ሦስቴም ጥሏቸው ይሄዳል።

እናቷ ማንጠግቦሽ ልጃቸው ነርስ እንድትሆን ነበር የቆረጡት። ይኸን የሰሙት እትዬ ደባሽ አንድ ቅዳሜ ጠዋት በእግራቸው እናትየው ቤት ድረስ ሄዱ።

«ማንጠግቦሽ፣ ልጅሽ ነርስ ብትሆን የምትይዝ መርፌ አይደለም እንዴ?»

«እንዴታ፣ መርፌ ነው እንጂ።»

«አሁንስ ምን ይዛለች? ደግሞ በኔ መርፌ የሚወጋ ሰው የለ፣ የሚያለቅስ ሕፃን የለ።»

ማንጠግቦሽ ሳቃቸው አመለጣቸው፤ ሰው ከሳቀ በኋላ መልሶ መቆጣት ስለሚከብደው ነገሩ በዚያው ቀረ።

ኦሻራት ልብስ የምትለካበት የሱቅ አሻንጉሊት አልነበራትም፤ የሰፋችውን ሁሉ የምትለካው በእትዬ ደባሽ ላይ ነበር። እሳቸውም እጃቸውን ግራና ቀኝ ዘርግተው ይቆሙላታል። ለምሳ የሚበሉት ቡሬካስ፣ ያ ድንች ተሞልቶ የሚጋገር ሳምቡሳ መሰል ምግብ፣ ጠረጴዛው ላይ ሲጠብቃቸው ብቻ ይቸኩላሉ። «ሳልበላው ለኪኝ» ይላሉ፤ «ኋላ ሌላ ሰው ነኝ።»

ባለፈው ዓመት፣ ፋሲካ እንዳለፈ፣ የሰፈሩ ማትናስ፣ ወጣቱም ሽማግሌውም የሚሰበሰብበት አዳራሽ፣ አንድ ዓርብ ጠዋት የጀማሪ ዲዛይነሮች ትርኢት አሰናዳ። ኦሻራት ስድስት ቀሚስ እንድታቀርብ ተፈቀደላት። አዘጋጁ ሮን፣ «ሞዴል እኛ እናመጣለን፣ አንቺ ልብሱን ብቻ ይዘሽ ነይ፣ በሰደር?» አላት። እሷም እሺ፣ በሰደር አለች።

ሞዴሏ ሮተም መጣች። በር ስታልፍ ጎንበስ የምትል ረዥም፣ ወገቧ በሁለት እጅ የሚታቀፍ ልጅ ነች። የመጀመሪያውን ቀሚስ ስታጠልቀው ርዝመቱ ከጉልበቷ በላይ ቀረ፤ ስፋቱ ግን ሌላ ሁለት ሮተም ያስገባል። ሁለተኛውም፣ ሦስተኛውም እንደዚያው ሆነ። ኦሻራት ነገሩ የገባት ያኔ ነው፤ ሦስት ዓመት ሙሉ ስትሰፋ የኖረችው ለአንዲት ሴት ብቻ ነበር። ከኋላ በእስፒል ሰብስባ ብታይዘው ሮተም ጃርት መሰለች።

«ቆሜ እሄዳለሁ» አለች ሮተም ትንፋሿን ይዛ፣ «ከተቀመጥሁ ግን እሞታለሁ።»

ኦሻራት ወለሉ ላይ ዘጭ ብላ አለቀሰች። አዳራሹ ሞልቷል። ከፊት ወንበር በኤም ሃሞሻቮት ሰፈር የልብስ ሱቅ ያላት ኦሬል ተቀምጣለች። እትዬ ደባሽ ክርና መርፌ ለማቀበል ብለው ከመጋረጃው ኋላ ነበሩ። አንዴ ሮተምን፣ አንዴ ቀሚሱን፣ አንዴ የገዛ ሆዳቸውን አዩና ሻሻቸውን ፈቱ።

«ተነሺ፣ ጨርቁን በእንባ አታርሺው። እኔ እለብሰዋለሁ።»

«እትዬ ደባሽ፣ አንቱ? መድረክ ላይ?»

«በእግር አይደለም እንዴ የሚኼድ? ያላ፣ ቆልፊልኝ።»

ሙዚቃው ተለቀቀ። እትዬ ደባሽ በቀይ ቀሚስና በሥራ ጫማቸው ብቅ አሉ። ሞዴል ሰው አይቶ አይስቅም፣ መንገድ ላይም አይቆምም፤ እሳቸው ግን ሦስት እርምጃ ሳይራመዱ ጎረቤታቸውን አዩ። «እንዳለ! ጉልበትህ ተሻለህ ወይ?» ብለው ከመድረኩ ጎንበስ ብለው ሦስቴ ሳሙት። ጫፍ ላይ ሲደርሱ ይዞራል ብሎ የነገራቸው ስላልነበረ ደረጃውን ወርደው በተመልካቹ መካከል ቀጠሉ። «ኪስ አለው!» እያሉ ለየወንበሩ ያሳያሉ። «ቁልፍ ይይዛል፣ ስልክ ይይዛል…» እጃቸውን ሰደድ አድርገው በሶፍት የተጠቀለለ ቡሬካስ አወጡ። መቼ እንደከተቱት ኦሻራት እስከ ዛሬ አታውቅም።

በአራተኛው ዙር ባዶ ወንበር አግኝተው ተቀመጡ። «ልብስ ሲቀመጡበትም መታየት አለበት» አሉ፤ እውነቱን ግን ደክሟቸው ነበር። ሕዝቡ እያጨበጨበ በስማቸው ይጣራል። ሮተም እስፒሏን ነቅላ ዚፕ ቆላፊ ሆናለች። ኦሻራት ከመጋረጃው ኋላ ሆዷን ይዛ ስትስቅ፣ በሳቋ መካከል አንድ ነገር ትዝ አላት። እኚህ ሴት በልጃቸው ሠርግ እንኳ ፎቶ አንሺውን ሸሽተው ከወጥ ቤት የተደበቁ ናቸው። ሰው ሲያያቸው ምን ያህል እንደሚጨንቃቸው ታውቃለች። ዛሬ ግን ያ ሁሉ ሰው ፊት የወጡት ለእሷ ብለው ነው።

ትርኢቱ ሲያልቅ ኦሬል መጋረጃውን ገልጣ ገባች። ከእትዬ ደባሽ ብዙም የማትለይ ድንቡሽቡሽ ሴት ናት።

«ሃያ ዓመት ልብስ ስሸጥ ለኔ የሚሆን ከሱቄ አግኝቼ አላውቅም» አለች። «ስድስቱንም ስፊልኝ። ልኩን እንዳትነኪው!»

ዛሬ ኦሻራት መጋዘኑን ትታ እዚያው ሰጉላ በተከራየቻት ክፍል ትሰፋለች። በልብሷ አንገት ላይ የልክ ቁጥር የለም፤ «ደባሽ»፣ «ትንሽ ደባሽ»፣ «ትልቅ ደባሽ» ተብሎ ተጽፏል። ወጣት እናቶች ኦሬል ሱቅ ገብተው «ይኼ በትንሽ ደባሽ አለ?» ይላሉ። እትዬ ደባሽ ይኸን ሲሰሙ፣ «ከኔ የሚተልቅ ደባሽም አለ ማለት ነው?» ብለው በደስታ ጭናቸውን መቱ።

ምስጋና ግን አይቀበሉም። ኦሻራት አበባ ብትወስድ «ውሃ ማን ሊያጠጣው ነው?» አሉ። ንግግር ብትጀምር የስፌት መኪናቸውን ያስነሡና ጩኸቱ ቃሏን ይውጠዋል። ስለዚህ ጡረታ በወጡበት ሳምንት ሰማያዊ ቀሚስ፣ ሜትር ሳትዘረጋ፣ በልቧ በያዘችው ልክ ሰፍታ ሰጠቻቸው። እትዬ ደባሽ የፊቱን ዞር ብለው አላዩትም። ገልብጠው መነጽራቸውን አደረጉና የውስጡን ስፌት ከአንገቱ እስከ ዝምዝሙ በጣታቸው ተከተሉት። ኦሻራት እንደ ተከሳሽ ቆማ ጠበቀች። ብዙ ቆይተው መነጽራቸውን አወለቁ፤ አፍንጫቸውንም ጠረግ አደረጉ።

«እትዬ ደባሽ፣ ስለ ሁሉም ነገር ቶዳ፣ አመሰግናለሁ» አለች ኦሻራት፣ መኪናው ሳይነሣ በጥድፊያ።

«ሰማሁ» አሉ።

ጡረታ ወጡ ማለት እንዲያው ስም ነው፤ በየጠዋቱ ኦሻራት ክፍል ይመጣሉ። ስጦታውን በተቀበሉ ማግሥትም ሰማያዊውን ቀሚስ ለብሰው አሚሻቭ ላይ አውቶቡስ ገቡ፤ ግን ገልብጠው ነበር የለበሱት። አብራቸው የተሳፈረችው ኦሻራት ደንግጣ፣

«እትዬ፣ ተገልብጧል እኮ!» አለች።

«ዓይን አለኝ! የፊቱንማ ማንም ያሳምራል። ሰው የውስጡን ይይልሽ እንጂ።»

እስከ ሰጉላ ድረስ መንገደኛውን ሁሉ ስፌቱን አስነኩት፤ ቀይ መብራት ሲይዛቸው ሹፌሩን ጭምር።