ስም አውጪው

የዚያ ትምህርት ቤት ዩኒት ሊደር ቀልደኛ ነኝ ብሎ የሚያምን ሰው ነው። እንዲህ ካለው ሰው ይሰውራችሁ፤ ክፋቱን የሚያውቅ ክፉ እኮ ቢያንስ አንዳንዴ ያፍራል። ጉልበቱ እስኪከዳው ድረስ የስፖርት መምህር ነበር። ሜዳውን ሲለቅ ፊሽካውን አልለቀቀም። አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ጠዋት ጠዋት ደረጃው ሥር ይቆምና ለሚያረፍደው ሁሉ ስም ያወጣል። ወፍራሙ «በርሜል»፣ የሚንተባተበው «ሬዲዮ»፣ መነጽር ያደረገችው «መስኮት»። ሰልፉ በሳቅ ይፈርሳል፤ እሱ ደግሞ ይህን ሥነ ሥርዓት ማስከበር ይለዋል። የገዛ ልጆቹን እንኳ በስማቸው አይጠራም እያለች ሚስቱ ታማርራለች።

አንዲት የሰባተኛ ክፍል ልጅ በመጀመሪያ ቀኗ አርፍዳ መጣች። ቀጭን ናት፤ ፀጉሯን አናቷ ላይ ሰብስባ በቀይ ጨርቅ አስራዋለች።

«ምነው ክብሪት፣ ማን ከቀፎሽ አወጣሽ?» አላት።

ግቢው አውካካ። እሱም እዚያው ረሳው።

ልጆቹ ግን አልረሱም። ክብሪት ይጫራል አይደል? ከኋላዋ የተቀመጠ ሁሉ አናቷን በጥፍሩ ጫር እያደረገ «በራች፣ አልበራችም» ይጫወትባት ጀመር። ቀዩን ጨርቅ ጣለችው፤ መጫሩ አልቀረም። በኮሪደሩ፣ በሽንት ቤት ሰልፍ፣ በፈተና መሃል ሳይቀር ትጫራለች። አንድ ቀን እያለቀሰች ሄዳ ብትነግረው፣ «ታዲያ አትብሪያ!» ብሎ ሳቀባት። አሥረኛ ክፍል ስትደርስ በራች። ከተሰባበረ ወንበር እግሩን ነቅላ የጫራትን ልጅ አፉን አለችው። ሁለት ጥርሱ ረገፈ።

ልጅቷን ለማሰናበት ኮሚቴው እናቷን ጠርቶ ሲሰበሰብ ዩኒት ሊደሩ ተዘጋጅቶ ነው የመጣው። በዚያው ሰሞን አንድ የሶሺዮሎጂ ባለሙያ በትምህርት ቤት ስለሚነሳ ጠብ ለመምህራኑ ሥልጠና ሰጥተው ነበር። ስለ ድህነት፣ ስለ ሰፈር፣ ስለ ቤተሰብ፣ ስለ ተጨናነቀ ክፍል፣ ሰው ሰው ላይ ስለሚለጥፈው ስም ሳይቀር አስረድተዋል። ከዚያ ሁሉ እሱ ጆሮ ውስጥ የቀረው ቤተሰብ ብቻ ነው።

«ጥናቱ የሚለው ግልጽ ነው» አለ፣ እናትየዋን በአገጩ እያመለከተ። «አባት የሌለበት ቤት። እናት ቀኑን ሙሉ ውጭ። ጠብ ጫሪነት ከሜዳ አይታፈስም፣ እህቴ፤ ከቤት ነው ይዛው የመጣችው። አሳዳጊ አጥታለች።»

እናትየዋ ሆስፒታል አንሶላ አጣቢ ናት። በረኪና የላጠው እጇ ጠረጴዛው ላይ ተዘርግቷል።

«ጠብ ጫሪ?» አለች። «ስትጫር የኖረችው እሷ፣ ጫሪዋም እሷ? ልጄ ራሷን እየደባበሰች ስትተኛ ቅማል መስሎኝ ስንቴ ፀጉሯን በታትኜ አይቻለሁ!»

ስብሰባውን የምትመራው ርዕሰ መምህርት እስክሪብቶዋን አነሳች።

«ለቃለ ጉባኤው የተማሪዋን ሙሉ ስም ይንገሩን» አለችው።

ዩኒት ሊደሩ አፉን ከፈተ። ፊሽካውን ነካካ። «ያቺ… እንትን…» አለና ጣሪያውን አየ።

«ስሟን የማያውቁ ሰውዬ፣» አለች እናትየዋ፣ «አስተዳደጓን ከየት አወቁት?»

ከዚያ የልጇን ስም ከነአባቷ፣ ቀስ ብላ፣ ለሁሉም እንዲሰማ ተናገረች። ርዕሰ መምህርቷ ጻፈችው።

«ከመወሰናችን በፊት የራሷን ቃል እንስማ» አለች። «ይጥሯት። በስሟ።»

ተነስቶ በሩን ከፈተ። ልጅቷ ኮሪደሩ ውስጥ አግዳሚው ላይ ተቀምጣለች። ስሟን አሁን በዚች ደቂቃ ነው የሰማው። ሊጠራት አፉን ሲከፍት ግን ከተማሪዎቹ አፍ ሰምቶ የለመደው ቀደመው።

«ክብሪት!»

«አቤት» አለች ልጅቷ፣ ብድግ ብላ።

እናትየዋ ውስጥ ሆና ሰማች። እሱ መጥራቱ ሳይሆን ልጇ አቤት ማለቷ ነው አንጀቷን የበጠሰው። ቦርሳዋን አንስታ ቆመች።

«ወሰናችሁም አልወሰናችሁም እዚህ አትውልም» አለች። «እኔው ይዣት እሄዳለሁ።»

በሩ ላይ የቆመውን ሰውዬ በትከሻዋ ገፍታው ወጣች። ልጅቷ ጥርስ ስላረገፈች እናቷ የምትመታት መስሏት ጀርባዋን ሰጥታ ጥጉ ላይ ተኮማትራለች። እናቷ በስሟ ጠራቻት። ሌላ ሰው የተጠራ ይመስል ዞር አላለችም። ደግማ ጠራቻት።

ልጅቷ የዞረችው በሦስተኛው ነው።