ከአተላ የወጣ ብርሃን

ሰሞኑን ቡሬ፣ ቤቴ ተቀምጬ ለእራት ድንች ስልጥ፣ በቴሌቪዥን የከተማ ቆሻሻ እየተቃጠለ ኤሌክትሪክ ሲሆን አሳዩ። ባለቤቴ «ይኼማ ተረት ነው!» ብሎ ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። በወጣትነቴ ፍኖተ ሰላም ያየሁት ነገር ፊቴ ድቅን አለ።

የሽንዲ ገበሬ ልጅ ነኝ። ያኔ ፍኖተ ሰላም ሙያ እማር ነበር። ከጓደኛዬ ከሙሉ ጋር የምንኖረው በቅኔ መምህሩ በመሪጌታ ጥበቡ ግቢ፣ በአንዲት ጠባብ ክፍል ነው። አስተማሪያችን «የቤት ቆሻሻ ሲበሰብስ ጋዝ ያወጣል፤ ጋዙ ሞተር ያዞራል፤ ሞተሩ መብራት ይሰጣል» ቢለን ልንሞክረው ተነሣን። መሪጌታ ማዳበሪያ የምንሠራ መስሏቸው ፈቀዱልን።

ከየጎረቤቱ የጠላ አተላ፣ የሽንኩርት ልጣጭ፣ የተረፈ ወጥ ለምነን ከእበት ጋር እያቦካን አሮጌ በርሜል ሞላን። አፉን ገጥመን በጎማ ቱቦ ከካላማዳሪያ፣ ከመኪና ጎማ የውስጥ ላስቲክ ጋር አገናኘነው፤ ጋዙ እዚያ እንዲጠራቀም። የሚያዝያ ፀሐይ በርሜሉን ያግለዋል። ግቢው ገማ፤ ካላማዳሪያው ግን እንደ ጨርቅ ተኝቶ ቀረ።

አንድ ቀን መሪጌታ በነጠላቸው አፍንጫቸውን ይዘው መጡ።

«ልጆቼ፣ ተማሪዎቼ ቅኔ ሊቆጥሩ ቢቀመጡ ሽታው አላስቆጥር አላቸው። እስከ እሑድ ካላነሣችሁት ሌላ ቤት ፈልጉ።»

ሌላ ቤት ማለት ለእኔ ሽንዲ መመለስ ነበር። አባቴ ከተማ እንድቀመጥ የፈቀዱት መሪጌታን አምነው ነው፤ ከተመለስሁ ደግሞ ሽማግሌ የላከ ሰው ይጠብቀኛል።

ሙሉ «በቃ እንድፋው» አለች።

«ቆይ፣ ሽታው ከወጣ ጋዙም እየወጣ ነው» አልኋት።

ክዳኑን ዙሪያውን የሳሙና አረፋ ቀባነው። አንድ ቦታ ላይ አረፋው ቡልቅ ቡልቅ አለ። ያን ቀዳዳ በጎማ ቁራጭ ጠፍረን አሰርነው። ሽታው ቀነሰ፤ ካላማዳሪያውም ቀስ በቀስ እንደ እርጉዝ ሆድ ተነፋ።

እሑድ አመሻሽ ላይ አስተማሪያችን በጋዝ እንዲሠራ ያበጀውን ትንሽ ጄኔሬተር ይዞ መጣ። ገመዱን ቢስበው አስነጠሰና ዝም አለ። ደግሞ ሳበው፤ ተንደቀደቀ። በረንዳው ላይ የሰቀልነው አምፖል እንደ ፍም ቀላ፣ ከዚያ ቦግ ብሎ ግቢውን አጥለቀለቀው። የቅኔ ተማሪዎቹ ከየጎጇቸው ወጥተው ቆሙ።

መሪጌታ አምፖሉን ትተው በርሜሉን ዳሰሱት። «እሳት የለበትም?»

«የለበትም፣ መሪጌታ። የበሰበሰው ነው።»

አማተቡና «ሰሙ አተላ፣ ወርቁ ብርሃን!» አሉ። «ለካ ወርቁን ከነሰሙ ስንደፋው ኖረናል። በሉ፣ ልጆቼ፣ የትም አትሄዱም።»

ካላማዳሪያው ሲሟሽሽ ብርሃኑም ጠፋ። እኔ ግን ትምህርቴን ጨረስሁ፤ ዛሬ እዚሁ ቡሬ የኤሌክትሪክ ሥራ አስተምራለሁ። ኤሌክትሪክ ከምን እንደሚመነጭ ሳስረዳ የማላውቀው ነገር ያለ አይመስልም። ሆኖም ማብሪያውን ተጭኜ ክፍሉ ቦግ ባለ ቁጥር፣ ያን ምሽት የያዘኝ ፍርሃት የመሰለ ደስታ ይወረኛል። ይህን ያህል ዘመን ሠርቼበታለሁ፤ እስከ ዛሬ ግን አልለመድሁትም።