የጩኸት ኮሚቴው ሊቀመንበር

እኔ ሃያ ሁለት ዓመት በስልክ ማዞሪያ ኦፕሬተርነት የሠራሁ ሴት ነኝ። የኖርኩት በጆሮዬ ነው። ጡረታ ወጥቼ አርፋለሁ ብዬ ይኼ ሕንፃ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ስገባ ግን ገበያ መሀል የገባሁ ነው የመሰለኝ። አንዱ በር ሲዘጋ ግድግዳው ሁሉ ይንቀጠቀጣል። የአንዷ የልብስ ማጠቢያ ማሽን እያጓራ ከቦታው ይሄዳል። አራተኛ ፎቅ ያለችው የመንታዎች እናት ደግሞ ወንበር አንስታ አታውቅም፣ ስትጎትት ነው የምትውለው። ሄጄ ብናገር ጆሮ ዳባ ልበስ። እኔም ዝም የምል ሰው አይደለሁምና ተናግሬ ተናግሬ፣ ደረጃ ላይ ሰላም የሚለኝ ሰው ጠፋ።

በመጨረሻ ነዋሪው ተሰብስቦ የጩኸት ኮሚቴ ይቋቋም ተባለ። ሊቀመንበር ማን ይሁን ሲባል እኔን የጠቆመ የለም። አልተቀየምኩም፤ ትንሽ ብቻ ነው የተቀየምኩት። ሁሉም ቅሬታውን በወረቀት ይጻፍ ተብሎ ወረቀቱ ሲነበብ፣ የኔ ብቻ ሁለት ገጽ ሞልቷል። ከኔ በላይ ሦስተኛ ፎቅ የሚኖሩት ጋሽ ታንከር ግን አንድ መስመር ነው የጻፉት፦ "እኔ የማንንም ጩኸት ሰምቼ አላውቅም።" ይህን ያህል ታጋሽ፣ ይህን ያህል ከማንም ያልወገነ ሰው ከየት ይገኛል ተባለና በጭብጨባ ተመረጡ። ጋሽ ታንከር ያልናቸው እኛ ነን። አርባ ዓመት የውሃ ታንከር ፋብሪካ ውስጥ ቆርቆሮ ሲቀጠቅጡ ኖረው ነው ጡረታ የወጡት።

ሥራቸውን ስታዩ ትገረማላችሁ። ጩኸት አለበት የተባለ ቤት ገብተው ብዙ አያወሩም። መዳፋቸውን ግድግዳው ላይ ያሳርፋሉ፣ ቧንቧውን ይይዛሉ፣ ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። ከዚያ "ይቺ ማሽን አንድ እግሯ አጥሯል" ብለው ከአሮጌ ጎማ ቁራጭ ቆርጠው ከሥሯ ይሰኩላታል። የሚንጓጓውን በር በጨርቅ ከፈፉት። ለመንታዎቹ እናት ወንበሮች በሙሉ የጎማ ጫማ አለበሱላት። በሁለት ወር ውስጥ ሕንፃው ጭጭ አለ። እኔ በተናገርኩት ቁጥር ጠላት ሳፈራ፣ እሳቸው አንድ ቃል ሳይናገሩ ሁሉን ወዳጅ አደረጉ። ደስ አለኝ፣ ቀናሁም።

አንድ ቀን ላመሰግናቸው ብዬ ሄድኩ። ደወሉን ብደውል መልስ የለም። በሩ ገርበብ ብሏል። ገባ ስል ወጥ ቤት የተጣደው ማንቆርቆሪያ ሕንፃውን በፉጨት ሊያፈርሰው ደርሷል፣ እሳቸው ጀርባቸውን ሰጥተው ጋዜጣ ያነባሉ። "ጋሼ" አልኩ። ጮክ ብዬ ደገምኩ። ምንም። ትከሻቸውን ብነካ በድንጋጤ ክው አሉ። ከዚያ ፊቴን አዩና ገባቸው።

"አወቅሽብኝ" አሉ።

ጆሯቸው ከሄደ ሦስት ዓመት ሆኖታል። የሰው ከንፈር እያዩ ነው የሚግባቡት። "ፋብሪካም እያለሁ የማዳምጠው በእጄ ነበር" አሉኝ። ችግሩ ልጃቸው ናት። አንድ ልጅ ናት ያለቻቸው፣ ፋርማሲስት ናት፣ ትወዳቸዋለች። "በር ሲደወል የማትሰማ ከሆነ ብቻህን አላኖርህም፣ እኔ ጋ ትመጣለህ" ብላ ቁርጡን ነግራቸዋለች። "እሷ ጋ ብሄድ እንግዳ ነኝ። እዚህ ሰው ነኝ" አሉ። አንጀቴን በሉት።

እንግዲህ መላው የመጣው ከኔ ነው። እግራቸው ወለሉ ሲነዝር፣ ቤቱ ሲናጋም ያውቃል። የሳቸው ደወል ደግሞ ከታች እኔ ቤትም፣ ከላይ ቤትም ጥርት ብሎ ይሰማል። ስለዚህ ደወል በተሰማ ቁጥር እኔ በመጥረጊያ እንጨት ጣራዬን እመታለሁ፤ ከላይ ደግሞ የመንታዎቹ እናት ወለሏን ትረግጣለች። ሄጄ ስነግራት አላመነችኝም። "አንቺ ነሽ እርገጪ የምትዪኝ?" ብላ በሩን ይዛ ሳቀች። ከዚያን ቀን ጀምሮ ደረጃ ላይ ሰላም ትለኛለች።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት ልጃቸው መጣች። ደወለች፣ እኔ መታሁ፣ ከላይ ተረገጠ፣ ጋሼ ከፈቱ። ሰው እንደሆነ ቅሬታ ይዞ ወደ ሊቀመንበሩ መመላለሱን አይተውም፤ በአንድ ሰዓት ውስጥ ሦስት ጊዜ ተደወለ፣ ሦስት ጊዜ ደበደብን። ከዚያ በሬ ተንኳኳ። እሷው ናት፣ ፊቷ ቲማቲም መስሏል።

"አባቴ ትልቅ ሰው ነው" አለችኝ። "ከላይ ይረግጡታል፣ ከታች ይደበድቡታል። ኑሮው እንዲህ ከሆነ ዛሬውኑ ይዤው እሄዳለሁ።"

ዝም ብል ትወስዳቸዋለች፣ እውነቱን ብናገርም ትወስዳቸዋለች። ይቅርታ ልል አፌን ስከፍት ጋሼ ተከትለዋት ደረጃውን ወረዱ። የሷን ፊት አዩ፣ የኔን አዩ።

"ተያት፣ እሷ ምንም አላጠፋችም" አሉ። "እኔ አልሰማም ልጄ። በር ሲደወል እንዳውቅ ነው የሚደበድቡልኝ።"

"ለምን አልነገርከኝም?"

"ትወስጂኛለሻ።"

እጃቸውን ይዛ ወደ ላይ ቤታቸው አወጣቻቸው፣ እኔም ተከተልኩ። ወንበራቸው ላይ አስቀምጣ ጋዜጣቸውን አስያዘቻቸውና "መጣሁ" ብላ ወጣች። በሩን ገርበብ አድርጋ ደወሉን ራሷ ተጫነችው። በስንጥቁ ጀርባቸው ይታየናል። አልዞሩም። ደግማ ተጫነች። ጋዜጣውን ገለጡ። እኔም አበቃ፣ ልትወስዳቸው ነው አልኩ።

ይኼኔ ከላይ ወለሉ ተናጋ። የመንታዎቹ እናት ይህን ሁሉ አታውቅም፣ ደወል ሰምታ ነው፤ በስድስት እግር ነው የረገጡት፣ ልጆቿንም ጨምራ። ጋሼ ጋዜጣውን አስቀመጡ፣ ኮታቸውን አስተካከሉ፣ እንግዳ ሊቀበሉ ፈገግ ብለው መጡና በሩን ሲከፍቱ ልጃቸውን አገኟት።

እያለቀሰች ትስቃለች። "የላይኛዋን ስልክ ስጡኝ፣ የእርስዎንም" አለችኝ። ጻፈችው። ከዚያ ወደ አባቷ ዞረች፣ ከንፈሯን እንዲያዩ ቀስ ብላ ተናገረች።

"ቅዳሜ ቅዳሜ እመጣለሁ። የምመጣው ግን እዚሁ ነው።"

ገብቷቸዋል፣ ፊታቸው ሲበራ አይቻለሁ።

"አልያዝኩትም፣ እስቲ ድገሚው" አሏት።